ጸደይ ጎባ ሲደርስ፦ ጓሮን ለመጀመሪያው ዝናብ ማዘጋጀት

ባሌ፣ ጎባ ላይ ጓሮ ያለው ቤት አግኝተው ከሆነ እንኳን ደስ አለዎት። ዶማና አካፋ ከማንሣትዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይመልሱ፤ ጓሮውን የሚያዘጋጁት ለየትኛው ጸደይ ነው? ብዙዎቻችን ጸደይ ሲባል ትዝ የሚለን መስከረም፣ አደይ አበባና እንቁጣጣሽ ነው። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ዓመቱ ለአራት ሲከፈል ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ይባላል። ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ ነው። ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ነው። ገበሬው በልግ የሚለው ይህንኑ ጸደይ ነው። ሌላ ቦታ ይህ ልዩነት የስም ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል። ጎባ ላይ ግን የጓሮ ሥራዎ የሚጀመርበትን ወር ይወስናል።

ምክንያቱን ለማየት የፀሐይን መንገድ እንከተል። ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት አገር መሬቱ ይግላል፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ከፍ ሲል ቀዝቅዞ የተሸከመውን እርጥበት ያወርዳል። ስለዚህ የዝናብ መቀነቱ፣ ትንሽ ዘግየት እያለ፣ ፀሐይ በሄደችበት ይሄዳል። ጎባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ መጋቢት 11 አካባቢ የምድር ወገብን ተሻግራ ወደ ሰሜን ስታመራ መጋቢት 29 ገደማ በጎባ አናት ላይ ታልፋለች። ወደ ደቡብ ስትመለስ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ዳግመኛ ታልፋለች። ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ይዞ የሚመጣው ነፋስ ሲጨመርበት የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይረጥባል። ጸደይ መጋቢት 26 ይገባል ካልን፣ ፀሐይ ጎባ አናት ላይ የምትቆመው ከሦስት ቀን በኋላ ነው ማለት ነው። እዚህ አገር የባሕረ ሐሳቡ ጸደይና የሰማዩ ጸደይ ይገናኛሉ።

የአካባቢው ገበሬም ዓመቱን ለሁለት የእርሻ ወቅት ይከፍለዋል። በኦሮምኛ አንዱን ገና (‘ና’ ጠብቃ ትነበባለች)፣ ሌላውን ቦና ይለዋል። ገና ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ ቦና ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ቦና የደረቅ ወራት ስም ሆኖ ሳለ በዝናብ የሚዘራ እርሻ እንዴት በዚህ ስም ተጠራ ቢሉ፣ ወቅቱ የሚሰየመው በሚዘራበት ሳይሆን ሰብሉ በሚሰበሰብበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ከሮቤ እስከ ሲናና ባለው ሜዳ ስንዴና ገብስ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታየውም ለዚህ ነው። የእርስዎ ጓሮም የዚሁ ሥርዓት ታናሽ ወንድም ነው። በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ደረቅና ብርዳም ሆኖ ይከርማል፤ በመጋቢት ዝናብ ይመጣበታል። የዝግጅቱ ወር እንግዲህ የካቲት ነው።

ምን ይዘጋጃል? ብዙ ሰው ዝግጅት ሲባል ማጽዳትና መቆፈር ይመስለዋል። እነሱም አሉበት፤ ሁሉም ግን የሚያገለግሉት አንድ ነገር ነው፤ ለውሃ ማረፊያ መሥራት። ለሦስት ወር የደረቀና ራቁቱን የቆየ አፈር ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ጠብታው የአፈሩን እንክብል ይሰባብረዋል። የደቀቀው ትቢያ በአፈሩ ቀዳዳዎች ገብቶ ይደፍናቸዋል፤ ላዩ ላይ ቀጭን ቅርፊት ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝናብ አይሰርግም፤ ለም የሆነውን አፈር ይዞ በአጥሩ ሥር ይወጣል። ጓሮው ከላይ ጭቃ ሆኖ ሳለ አንድ ስንዝር ቢቆፍሩ ደረቅ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የማነሣውን እያንዳንዱን ሥራ «ይህ ውሃውን የት ያሳርፈዋል?» ብለው ይመዝኑት።

ከውሃው በፊት ግን ብርዱን ማወቅ ይኖርብዎታል፤ የትኛው ጥግ ምን እንደሚቀበል የሚወስነው እሱ ነውና። ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በስተደቡብ መሬቱ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ አምባው ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከቆላ የመጡ ከሆነ ልብስዎ ብቻ ሳይሆን አትክልትዎም መለወጥ አለበት። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የሚመልስለት ደመና የለም። ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው፤ የተገፈፈ ለት ብርዱ ይገባል። በልግ ሲቃረብ ደመናው ስለሚመለስ የውርጩ ኃይል ይቀንሳል፤ በየካቲት ግን ገና አላበቃም።

ቀዝቃዛ አየር ከሞቀው ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ጎድጓዳ ሲያገኝም ይተኛል። ጓሮዎ ተዳፋት ከሆነና በታችኛው ጫፍ ድፍን የግንብ ወይም የቆርቆሮ አጥር ካለው፣ አጥሩ እንደ ግድብ ሆኖ ቀዝቃዛውን አየር ያቁረዋል። በአጥሩ ግርጌ ጥቂት ክፍተት ቢተዉለት ያልፋል። የቀዝቃዛውን ኪስ ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ጥርት ባለ የየካቲት ምሽት በጓሮው አራት ጥግ አራት ተመሳሳይ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ያስቀምጡ፤ ፀሐይ ሳይወጣ ይዩዋቸው። በረዶ የጋገረበት ጥግ የጎመን፣ የነጭ ሽንኩርት፣ የባቄላና የካሮት ቦታ ነው፤ እነዚህ ቀላል ውርጭ ይችላሉ። ድንች፣ ዱባና ቲማቲም ግን በሕዋሳቸው ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ ሕዋሱ ይበጣጠሳል፤ ጠዋት ቅጠላቸው የተቀቀለ መስሎ ይገኛል። እነሱን ወደ ቤቱ ግድግዳ ያስጠጓቸው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልስላቸዋል።

አሁን አፈሩን በእጅዎ ይመርምሩት። ከአንድ ስንዝር ጥልቀት ጭብጥ አፈር ያውጡ፤ ደረቅ ከሆነ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርገው ያሹት፤ ከዚያ በመዳፍዎ መካከል እንደ ገመድ ያንከባልሉት። ገመድ ሳይሆን ከተበታተነ አሸዋማ ነው። ገመድ ሆኖ ሲያጎብጡት ከተቆረጠ መካከለኛ፣ ለጓሮ ተስማሚ የሚባለው ነው። ሳይቆረጥ ቀለበት ከሠራ ሸክላማ ነው። በሮቤና በሲናና ሜዳ ያለው ጥቁር አፈር፣ ብዙዎች ዋልካ ወይም መረሬ የሚሉት፣ ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታየው ለዚህ ነው። ለምነት አለው፤ ችግሩ ውሃ ከገባበት በኋላ የማያሳልፍ መሆኑ ነው። ሥር ደግሞ እንደኛው ይተነፍሳል፤ የአፈሩ ቀዳዳ ሁሉ በውሃ ከተሞላ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል።

ሸክላማ አፈርን መቼ መቆፈር እንዳለብዎ ራሱ አፈሩ ይነግርዎታል። ጭብጥ ያድርጉትና ከወገብ ከፍታ ይልቀቁት። ወድቆ እንደ ተፈረፈረ ዳቦ ከተበተነ ጊዜው ደርሷል። እንደ ጭቃ ጠፍጥፎ ከቀረ ዶማውን ያስቀምጡ። እርጥብ ሸክላ ሲረገጥና ሲገለበጥ ቅንጣቶቹ ይጣበቁና ሲደርቅ ጡብ ይሆናል፤ በአንድ ቀን ችኮላ የተበላሸ አፈር አንድ ወቅት ሙሉ ያስቸግራል። እንደ ድንጋይ የደረቀ ከሆነም ከመታገል ይልቅ ከሁለት ቀን በፊት ውሃ አጠጥተው መጠበቅ ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የውሃውን መንገድ ይሥሩ። መጀመሪያ የጓሮውን ተዳፋት ይወቁ፤ መሬቱ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበትን አቅጣጫ። መትከያ መደቦችዎን የሚያበጁት በዚያ አቅጣጫ ሳይሆን አቋርጠውት ነው። መደብ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተከመረ የአፈር አልጋ ነው። ስፋቱ 1 ሜትር ገደማ ቢሆን ከሁለቱም ወገን እጅዎ እስከ መካከል ይደርሳል፤ አፈሩን መርገጥ አይኖርብዎትም። በመደቦቹ መካከል ቦይ ይተዉ። ዝናቡ ሲመጣ ተዳፋቱን የሚወርደው ውሃ በየቦዩ እየቆመ፣ ፍጥነቱን እያጣ ይሰርጋል። አፈርዎ አሸዋማ ከሆነ የመደቡ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ውሃው እንዲቆይለት ይፈልጋልና። ዋልካ ከሆነ ግን እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ቦዩንም ጥቂት ዘቅዘቅ አድርገው ትርፉ ውሃ የሚወጣበት በር ይስጡት። በጥቁር አፈር እርሻ ላይ ሰፊ መደብና ቦይ በበሬ የሚያወጣው «ቢቢኤም» የሚባለው መሣሪያ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ሥሩ ከፍ ብሎ እንዲተነፍስ፣ ትርፉ ውሃ ዝቅ ብሎ እንዲሄድ።

ጣሪያዎን አይርሱ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 800 ሊትር፣ ማለትም አራት ሙሉ በርሜል ያፈስሳል። ይህ ሁሉ ከአንድ ጥግ እንዲወርድ ከተተወ በአንድ ከሰዓት ጉድጓድ ይቆፍራል። አሸንዳ አበጅተው በርሜል ውስጥ ቢያስገቡት ግን ዝናቡ ሳምንት ሲጠፋ ችግኝዎን ያጠጣልዎታል። በርሜሉ ሲሞላ ትርፉ የሚሄድበትን ድንጋይ የተነጠፈበት ቦይ አስቀድመው ይሥሩ።

መሬቱ ቅርጽ ከያዘ በኋላ የሚያስፈልገው ውሃ የሚይዝ አካል ነው፤ ይህም ብስባሽ ነው። ብዙዎች ኮምፖስት ይሉታል። በየካቲት ጓሮው በውርጭ በተለበለበ ግንድ፣ በደረቀ ሣርና በወደቀ ቅጠል የተሞላ ነው፤ ከማቃጠል ይከምሩት። ብስባሽ የሚሠሩት ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ናቸው። ደረቁ ገለባና ቅጠል ማገዶ ይሆናቸዋል፤ እርጥቡ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ አረምና ፍግ ደግሞ ሰውነታቸውን የሚገነቡበትን ናይትሮጅን ይሰጣቸዋል። በመጠን ደረቁን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ፣ እርጥቡን አንድ እጅ እያደረጉ ይደርድሩ። ደረቁ ከበዛ ሥራው ይቆማል፤ እርጥቡ ከበዛ ይሸታል። ነፍሳቱ ሲሠሩ ይሞቃሉ፤ ጤናማ ክምር ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም የአረም ዘር ይገድላል። ትንሽ ክምር ግን በጎባ ብርድ ሙቀቱን ቶሎ ይነጠቃል። ስለዚህ ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ቁመቱም ከ1 ሜትር ያላነሰ ይሁን። መካከሉ ዱላ ሰክተው ከደቂቃዎች በኋላ ሲያወጡት ሞቆ ካገኙት እየሠራ ነው።

በእኛ ብርድ ብስባሽ ለመድረስ ወራት ይፈጃል። የዘንድሮው የየካቲት ክምር የሚደርሰው ለነሐሴው ዝናብ ነው፤ ለሚመጣው ጸደይ ብስባሽ ከፈለጉ በኅዳር መከመር አለብዎት። ለአሁኑ መደብ ከጎረቤት የሚያገኙትን የቆየ፣ ሽታው የጠፋና አፈር የመሰለ የከብት ፍግ ይጨምሩ። ትኩስ ፍግ አሞኒያው ሥር ያቃጥላል፤ ከብቱ የበላውንም የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። የምድጃ አመድም ይጠቅማል፤ የአፈር ኮምጣጣነትን ያበርዳል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል። ግን ጨው እንደሚነሰነስ ስስ አድርገው ይበትኑት።

ፀሐዩንም እናስላ፤ እዚህ ላይ ከሌላ አገር የመጣ የአትክልት መጽሐፍ ሊያሳስትዎ ይችላል። በአውሮፓ ፀሐይ በእኩለ ቀን ዓመቱን ሙሉ በስተደቡብ ስለሆነች የእኩለ ቀን ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ጎባ ላይ ግን ከመጋቢት 29 እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናትዎ ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት። በበልጉ ወራት የ2 ሜትር አጥር ጥላ በስተደቡቡ ይወድቃል፤ በሰኔ እኩለ ቀን እንኳ ርዝመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በታኅሣሥ ግን ጥላው ወደ ሰሜን ዞሮ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በበልግ የአጥር ጥላ ብዙ አያስጨንቅዎት፤ በቦና ወቅት ግን ከአጥሩ በስተሰሜን ያለው መደብ ፀሐይ ያጣል፤ ብርዱም ይጠናበታል።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ። ዘር ላይ የሚሠራው ዘዴ ወደኋላ መቁጠር ነው። የጎመን ችግኝ ከተዘራበት እስኪዛወር አምስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሲደላደል ለማዛወር ካሰቡ የሚዘራው በየካቲት መጨረሻ ነው። የችግኝ መደቡን ከቤቱ አጠገብ ያድርጉት፤ ማታ ማታ በሣር ወይም በጆንያ ይሸፍኑት፤ ጠዋት ይግለጡት።

የድንች ዘር ደግሞ ማጎንቆል አለበት፤ ማለትም ከመተከሉ በፊት ቡቃያ ማውጣት። በጥር መጨረሻ የእንቁላል መጠን ያላቸውን ጤነኛ ድንቾች መርጠው ብርሃን በሚገባበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማያገኘው መደርደሪያ ላይ በአንድ ረድፍ ያስቀምጧቸው። ጨለማ ውስጥ የበቀለ ጉንቁል ብርሃን ፍለጋ ነጭ ክር ሆኖ ይረዝምና ሲተከል ይሰበራል። ብርሃን ያየው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ሆኖ ይጠነክራል። አረንጓዴ የሆነው ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ ስላለበት ለዘር እንጂ ለድስት አይሆንም። ሲተክሉ በረድፍ መካከል 75፣ በድንችና ድንች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ስፋቱ ትርፍ ሊመስልዎ ይችላል። በርጥብና በቀዝቃዛ ወራት ግን ሌት ብላይት የተባለው በሽታ የሚዛመተው ሳይደርቅ በሚውል ቅጠል ላይ ነው፤ ክፍተቱ ነፋስ እንዲያልፍ ያደርጋል። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲያድግ ያስታቅፉት፤ ማስታቀፍ ማለት ከሁለቱም ወገን አፈር ሰብስቦ ግርጌውን መሸፈን ነው። አምና ድንች በነበረበት መደብ ዘንድሮ ድንችም ቲማቲምም አይትከሉ፤ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱን የለመደ በሽታ ለሌላው ይቆያል።

ከመትከልዎ በፊት በጓሮው ውስጥ አዲስ የአፈር ጉብታ ካለ ይመልከቱ። ፍልፈል ይሆናል። የቅርብ ዘመዱ ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም፤ ሳነቴ ላይ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ነው። የጓሮው ፍልፈል ግን የድንችና የካሮት ሥር የሚወድ ነው። ጉብታ የበዛበትን ጥግ ለሥራ ሥር አይስጡት፤ ለጎመን ያድርጉት።

የመጨረሻው ጥያቄ «ዛሬ ልትከል?» የሚለው ነው። የበልግ ዝናብ ተንኮለኛ ነው፤ በመጋቢት አንድ ቀን ወርዶ ሁለት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ያኔ የበቀለው ዘር ተጠብሶ ይቀራል። ስለዚህ ከደመናው ይልቅ አፈሩን ይጠይቁ። ከዝናቡ ማግስት ጣትዎን ወይም ቀጭን እንጨት አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበቱ አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ ከሆነ ይትከሉ፤ ላዩ ብቻ ከረጠበ ይጠብቁ። ከተከሉ በኋላ በችግኙ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ይጎዝጉዙ። ጉዝጓዝ ጠብታው አፈሩን በቀጥታ እንዳይመታ ያደርጋል፤ ከላይ ያወራነው ቅርፊት አይሠራም፤ የገባውም ውሃ ቶሎ አይተንም።

የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲወርድ ቤት አይቀመጡ። ቦት ጫማ አድርገው፣ ጃንጥላ ይዘው ጓሮ ይውጡ፤ ከእርስዎም ጋር ጥቂት ችካል ይኑር። ውሃው መደብ ጥሶ ባለፈበት፣ አላስፈላጊ ቦታ በተኛበት፣ ከአሸንዳው ውጭ በፈሰሰበት ሁሉ አንድ ችካል ይትከሉ። ከዚያ በአጥሩ ግርጌ የሚወጣውን ውሃ ይዩ። ጥርት ያለ ከሆነ አፈርዎ ቤቱ ውስጥ ነው። ቡና ከመሰለ የለፉበት አፈር ወደ ቶጎና ወንዝ እየሄደ ነው፤ ከዚያም በወይብ ወንዝ በኩል ወደ ገናሌ። ችካሎቹን አይንቀሏቸው፤ ሐምሌ ላይ የሚሠሩት ሥራ ዝርዝር እነሱ ናቸው። በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ ተመልሳ አናትዎ ላይ ስትቆም ሁለተኛው ዝናብ ይመጣል፤ በጸደይ የሳቱትን ለማረም ዓመት መጠበቅ አይኖርብዎትም።